የጎደለውን መጽሐፍ ማስገዛት፦ ከሄሉ ለተነሣ አንባቢ የተጻፈ መመሪያ

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚደኸየው ገንዘብ ሲያንሰው ብቻ አይደለም፤ ምን እንደጎደለው የሚነግረው ሰው ሲያጣም ይደኸያል። መጻሕፍት መራጩ ባለሙያ እጅ የሚገባው የአሳታሚዎች ዝርዝር፣ ከትምህርት ክፍሎች የሚላክለት የማስተማሪያ መጻሕፍት ስምና አቅራቢው ያስገባው ፕሮፎርማ ነው። ከሞያሌ ክፍሎች አንዱ በሆነው ሄሉ አድጎ ስለ ከተማዋ የድንበር ንግድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ የትኛውን መደርደሪያ ፈትሾ ባዶ እጁን እንደተመለሰ በእነዚህ ወረቀቶች በአንዱም ላይ አይጻፍም። ይህን ሊጽፍ የሚችለው ራሱ ፈልጎ ያጣው አንባቢ ነው። የዚህ መመሪያ መነሻም ይኸው ነው፤ «ይህ መጽሐፍ ይገዛልን» የሚለው ጥያቄ ለባለሙያው የሚቀርብ ማስረጃ ነው። እንደ ማስረጃ ተሟልቶ ሲቀርብ በጠባብ በጀትም ቦታ ያገኛል፤ እንደ ምኞት ሲቀርብ በሰፊ በጀትም ተረስቶ ይቀራል።

ይህ አባባል ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በ1969 እ.ኤ.አ. ያስገባቸውን መጻሕፍት አለን ኬንት የመራው ቡድን ተከታትሎ ነበር። በ1979 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ከአሥሩ መጻሕፍት አራት ያህሉ በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት አልወጡም። መራጮቹ የተማሩና ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው የአንባቢው ድምፅ ነበር። በሌላ በኩል ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ተማሪና መምህር ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲመጣላቸው የጠየቁትን መጽሐፍ መስፈርቱን ካሟላ ከመዋስ ይልቅ ገዝቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ሲመዘን፣ አንባቢ ጠይቆ የተገዛው በተለመደው መንገድ ከተመረጠው ይልቅ በብዛት በውሰት ይወጣ ነበር። «ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከሀብታሙ ይልቅ ድሃውን ይመለከተዋል እላለሁ። አሥር ሺህ መጽሐፍ የሚገዛ ተቋም አራት ሺሁ ሳይነበብ ቢቀር ስድስት ሺህ ይቀርለታል። መቶ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ግን አርባው አቧራ ከለበሰበት ለብዙ ዓመት የሚያካክሰው ነገር የለውም። የሚገዛው ጥቂት በሆነ መጠን ጠያቂው የሚሰጠው መረጃ ዋጋው ይጨምራል።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚወስኑት የትኛውን ቤተ መጻሕፍት እንደሚጠይቁ ነው። ሄሉ በኬንያ በኩል ያለው የሞያሌ ክፍል ነው። ከዚያ የሚነሡ ተማሪዎች ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ሜሩ ወይም ወደ ኤልዶሬት ይሄዳሉ። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ያቤሎ ያለው ቦረና ዩኒቨርሲቲና ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚያው መስመር ላይ ይገኛሉ። ጥያቄዎን የመስማት ግዴታ ያለበት የተመዘገቡበት ተቋም ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ። ተማሪም መምህርም ካልሆኑ፣ ለምሳሌ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነው አንድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢዎን የሚመለከት መጽሐፍ እንዲኖረው ከፈለጉ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ትምህርቱን በሚያስተምር መምህር በኩል ማቅረብ ነው። ሁለተኛው በራስዎ ስም ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትም ተልእኳቸው ስለሆነ ደብዳቤዎ የሚቆምበት መሠረት አለው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። መምህሩ መጽሐፉን በኮርሱ የንባብ ዝርዝር ውስጥ ካስገባው ጥያቄው የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ክፍሉ ይሆናልና።

ቀጥሎ መጽሐፉ በእርግጥ እንደሌለ ያረጋግጡ። ብዙ ጥያቄ ውድቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ካታሎጉን ከፍቶ ሁለት ቅጂ ካገኘ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእርስዎን ስም ሲያይ በጥርጣሬ ያነበዋል። ፍለጋው ደግሞ ለእኛ አካባቢ ከሌላው ይበልጥ ይከብዳል። የቦረና ስም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ያለው አናባቢ ሳይኖረው፣ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ደግሞ በተደራረበ አናባቢ ይጻፋል። የገብራ ሕዝብ ስምም በአንድ «ብ» እና በሁለት «ብ» ይገኛል፤ ሞያሌም በተለያየ መልክ ይጻፋል። ስለዚህ ሁሉንም አጻጻፍ በየተራ ያስገቡ። የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ደራስያን ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ስለ ገዳ ሥርዓት በ1973 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ያወጡት አስመሮም ለገሠ በአንዱ ካታሎግ በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው ስም ሥር ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው «የለም» ብሎ ይደመድማል። ካታሎጉ ካልሰጠዎት የማጣቀሻ ክፍሉን ሠራተኛ ይጠይቁ። ገና ያልተመዘገቡ፣ በካርቶን ያሉ መጻሕፍት በየዩኒቨርሲቲው አይጠፉም፤ የትምህርት ክፍሎችም የራሳቸው ትንሽ የመጻሕፍት ክፍል ሊኖራቸው ይችላል። የፈለጉበትን ቀንና ያስገቡትን ቃል በማስታወሻ ይያዙ፤ በኋላ ጥያቄው ላይ ይጽፉታል።

ከዚያ የማይዘለል ጥያቄ ይመጣል፤ የሚፈልጉት ነገር ያለ ግዢ ሊገኝ ይችላል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ሂናሪን ሲጀምር ዓላማው የድሃ አገሮች ተቋማት ውድ የጤና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ ነበር። በ2003 አጎራ የተባለው የግብርና ክፍል ተከተለ፤ ቆይቶም የአካባቢ ጥበቃ፣ የቴክኖሎጂና የሕግ ክፍሎች ተጨመሩ፤ ዛሬ በጠቅላላው ሪሰርች ፎር ላይፍ ይባላሉ። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ነገር ግን መብቱ የተመዘገበ ተቋም እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ «ይህ መጽሔት ይገዛልን» ከማለትዎ በፊት ተቋምዎ ተመዝግቦ እንደሆነና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ፣ ሌላው ግቢው አዲስ አበባ የሆነው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋምም አብዛኞቹን ሥራዎቹን በኢንተርኔት በነጻ ያኖራል። በ2010 እ.ኤ.አ. በማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በቦረና ስለተጀመረው፣ የግጦሹን ሁኔታ ከሳተላይት እያየ ካሣ ስለሚከፍለው የከብት መድን የሚያጠና ተማሪ አንድም ሽልንግ ሳያወጣ ብዙ ሊያነብ ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም በዲጂታል ማከማቻው አሉ። እንዲህ ያለውን በነጻ የሚገኝ ነገር ግዙ ማለት ትክክል አይደለም። ጥያቄዎ ወደ ሌላ ይለወጣል፦ ወደ ካታሎጉ እንዲገባ፣ መረብ ሲቋረጥም እንዲነበብ በቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ፣ ፈቃዱ በሚፈቅደው ልክም አንድ ቅጂ ታትሞ እንዲጠረዝ። ገንዘብ የማይጠይቅ ጥቆማ ደግሞ ቶሎ ይፈጸማል፤ ጠያቂውንም ያስከብራል።

«ታዲያ ሁሉም ነገር በቴሌግራም በፒዲኤፍ እየተላለፈ ማን መጽሐፍ ይገዛል?» የሚለው ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ነው፤ ከሁሉም በላይ በትዕግሥት ሊመለስ የሚገባውም ይህ ነው። በእጅ ስልክ የሚተላለፈው ፋይል ብዙ ጊዜ አሮጌ እትም ነው፤ ገጽ የጎደለው፣ ደራሲውም ያልፈቀደው ይሆናል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ባለ ፋይል ላይ ትምህርቱን ሊመሠርት አይችልም። ከዚያም በላይ ስለ ሞያሌና አካባቢዋ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በቴሌግራም አይገኝም። ስለ ኢኮኖሚክስ መግቢያ ወይም ስለ ስታቲስቲክስ ፒዲኤፍ ሞልቷል፤ ስለ ገሪ፣ ስለ ቡርጂ፣ ስለ ሰኩዬ ማኅበረሰቦች የተጻፈውን ለማግኘት ግን ወረቀቱ ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ነው። ይህ ልዩነት የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። በየትም የሚገኘውን ለሌላው ትተን፣ የትም የማይገኘውን ለማስገዛት መበርታት አለብን።

ወደ ምርጫው እንምጣ፤ ብዙ ሊቆዩበት የሚገባው እርምጃ ይህ ነው። ድንበሩ አንዱን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕዝቡ የተጻፈውንም ከፍሎታል። ኢትዮጵያና ብሪታንያ በ1907 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት የድንበር ስምምነት፣ በኋላም ኢትዮጵያና ኬንያ በ1970 የተዋዋሉት፣ አንዱን የግጦሽ መሬት በሁለት መንግሥታት መዝገብ ውስጥ አስገባው። የቅኝ አገዛዙ ዘመን ፋይል ናይሮቢ ባለው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የኢትዮጵያ ወገን ሰነድ አዲስ አበባ ተቀመጠ፤ የታተሙት መጻሕፍትም እንዲሁ ተበታተኑ። ጉፉ ኦባ ስለ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ድንበር ታሪክ የጻፈው በ2013 ሆላንድ ውስጥ በብሪል ታተመ። ጉንተር ሽሌ ስለ ሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች የጎሳ ትስስር የጻፈው በ1989 ማንቸስተር ወጣ። ፓውሎ ታብሊኖ ስለ ገብራ የጻፉት ናይሮቢ በ1999፣ ቶን ሌውስ ከሲንትያ ሳልቫዶሪ ጋር ያዘጋጁት «አዳ ቦራና» የተባለው ትልቅ የባህል መዝገበ ቃላት ደግሞ አዲስ አበባ በሻማ ቡክስ በ2006 ታተሙ። አራት መጻሕፍት፣ አራት ከተሞች፤ ሁሉም ስለ አንድ አካባቢ ናቸው። ናይሮቢ ያለ ባለሙያ አዲስ አበባ የታተመውን አያየውም፤ አዲስ አበባ ያለውም ናይሮቢ የታተመውን። ሁለቱንም ወገን የሚያውቀው የድንበሩ ሰው ነው፤ እርስዎ በጥያቄዎ የሚጨምሩት እውቀትም ይኸው ነው።

ከእነዚህ መካከል በየትኛው ይጀመር? የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ቶሎ የሚጠፋው ይቅደም። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ አሳታሚ የወጣ መጽሐፍ ውድ ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላም በትእዛዝ ታትሞ ወይም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ በጥቂት ቅጂ የታተመ ግን አንዴ ካለቀ አለቀ። ደራሲው በራሱ ወጪ ያሳተመው የአካባቢ ታሪክ፣ በአፋን ኦሮሞ የተሰበሰበ ተረትና ምሳሌ፣ የአንድ ጉባኤ ጽሑፎች ስብስብ ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ስለተረዳ በ1966 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ ከምሥራቅ አፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ መጻሕፍት ሲሰበስብ ኖሯል። ሞያሌ ላይ የጠፋ መጽሐፍ ዋሽንግተን ላይ መገኘቱ ሊያስቆጨን ይገባል። ለጊዜው ግን ካታሎጉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ይጠቀሙበት፤ የአማርኛውን ርዕስ በላቲን ፊደል ጽፎ ስለሚያስቀምጥ በድምፁ እየሞከሩ ይፈልጉ፣ የጎደለዎትን የኅትመት መረጃ ከዚያ ያሟሉ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሞያሌ ብዙ ማኅበረሰብ የሚኖርባት፣ ግጭትም ያየች ከተማ ናት። የአንድን ጎሳ ታሪክ ብቻ የሚያወድሱ መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ጠያቂ አመኔታ ያጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ለክርክር ያጋልጣል። ስለ ቦረና ሲጠይቁ ስለ ገብራም ይጠይቁ፤ ስለ ገሪ የተጻፈ ካወቁም ይጨምሩ። ሚዛኑ ለሰላም ብቻ ሳይሆን ለምርምርም ይጠቅማል፤ አንዱን ወገን ብቻ ያነበበ ተማሪ አካባቢውን አላነበበም።

አሁን ጥያቄው ይጻፍ። ኮሃ የተባለውን ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የሚጠቀም ተቋም ከሆነ በካታሎጉ ገጽ ላይ፣ በራስዎ የአንባቢ መለያ ሲገቡ፣ የግዥ ጥቆማ ማቅረቢያ ቅጽ ያገኛሉ፤ ባለሙያዎቹ ክፍሉን ክፍት ካደረጉት ማለት ነው። ካልሆነ በወረቀት ያቅርቡ። በሁለቱም የሚሞላው አንድ ነው፦ የደራሲው ሙሉ ስም፣ ርዕስ፣ እትም፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ቦታና ዓመት፣ አይኤስቢኤን፣ ዋጋ፣ የሚገኝበት ቦታ። በኢትዮጵያ የታተሙ መጻሕፍት ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ978 ቀጥሎ በ99944 ይጀምራል። ቁጥር የሌለው በደራሲው ወጪ የታተመ መጽሐፍ ከሆነ ማተሚያ ቤቱን፣ የሽፋኑን ዋጋና የሚሸጥበትን መደብር ይጻፉ፤ ከተቻለ የሽፋኑንና የውስጥ ገጹን ፎቶ ያያይዙ። ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግም ይግለጹ። ለማጣቀሻ ከሆነ አንድ ይበቃል፤ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚያነበው ከሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለእነዚህ መስመሮች ብዙ መጨነቅ አያሻም፤ በትክክል ይቀዱ፣ ይለፉ።

ጭንቀቱ ሁሉ «ምክንያት» ለሚለው ባዶ ቦታ ይቆየው። «ይህ መጽሐፍ በጣም ጠቃሚና ታዋቂ ስለሆነ እንዲገዛልኝ እጠይቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለባለሙያው ምንም አይሰጠውም፤ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ ሊባል ይችላልና። በምትኩ እንዲህ ቢጻፍ ያስቡ፦ «የሦስተኛ ዓመት የአርብቶ አደር ልማት ኮርስ የንባብ ዝርዝር ውስጥ ተጠቅሷል። በዚህ ሴሚስተር 42 ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ ትምህርቱ በየዓመቱ ይሰጣል። በደራሲውም በርዕሱም ካታሎጉን ፈትሼ አላገኘሁትም፤ በነጻ የሚነበብ ሕጋዊ ቅጂም በኢንተርኔት የለውም። በመደርደሪያው ላይ ያሉት ስለ ድንበር ንግድ የተጻፉ መጻሕፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ ከመመረቁ በፊት የታተሙ ናቸው፤ ይህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ይዟል። አንድ የወረቀት ቅጂ ይበቃል፤ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ በርካሽ ከተገኘም ይመረጣል። መምህሩ በግርጌው ፈርመዋል።» ይህ አጭር አንቀጽ ማን ያነበዋል፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ፣ ሌላ መንገድ ለምን የለም፣ ከዚህ በፊት ያለው ለምን አይበቃም የሚሉትን መልሷል። ባለሙያው የግዥ ኮሚቴ ፊት ሲቆም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ቃሉን በእጁ ሰጥተውታል። የሚጽፉት ሁሉ ግን እውነት ይሁን። የተማሪ ቁጥር ማብዛት ወይም ያልተስማማ መምህር ስም መጥቀስ አንድ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ፣ ሲታወቅ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ይጎዳል።

«ሄሉን የሚመለከት ነገር የሚያነብ ስንት ሰው አለ?» የሚል ኮሚቴ አባል ይኖራል፤ መልስዎን አስቀድመው ያሰናዱ። አንባቢ የሚቆጠረው በአንድ ትምህርት ክፍል አይደለም። ስለ ድንበር ከተማ የተጻፈን መጽሐፍ የታሪክ ተማሪ፣ የሕግ ተማሪ፣ የንግድ ሥራ ተማሪ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪም ይፈልገዋል፤ የማስተማሪያ መጽሐፍ በአዲስ እትም ሲተካ የአካባቢ ጥናት ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላም ይፈለጋል። ስለዚህ ቁጥሩን በየትምህርት ክፍሉና በየዓመቱ ዘርዝረው ያሳዩ። ሌላው «በስጦታ ይምጣ» የሚል ነው። ከውጭ በስጦታ የሚመጡ መጻሕፍት ብዙ ሰው አስተምረዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ሰጪ የሚሰጠው ያለውን ነው፤ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ስለ ሞያሌ የማይናገር መሆኑ የታወቀ ነው። ስጦታ የሚሠራው በደራሲው በኩል ሲሆን ነው፤ በራሱ ወጪ ያሳተመ የአካባቢው ጸሐፊ በትሕትና ቢጠየቅ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት መስጠት ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል።

ገንዘቡና ጊዜው የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የኬንያው ደግሞ ጁላይ 1፣ ማለትም አንድ ሳምንት ቀድሞ። የዓመቱ እቅድ ከዚያ በወራት አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ የቀረበ ጥያቄ በቀጣዩ ዓመት ዝርዝር የመግባት ዕድል አለው። ሁለተኛ ዕድልም አለ። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር ተቋም ያልተጠቀመበትን ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ስለሚመልስ፣ ግንቦት ላይ በእጁ የቀረ ጥቂት ገንዘብ ሲኖረው ቶሎ የሚገዛ ነገር ይፈልጋል፤ መረጃው የተሟላ ጥያቄ ያኔ ይነሣል። ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ምንዛሪውን ያስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ 60 ዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ከ3,400 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አማራጭ ይስጡ። መጽሐፉ በአፍሪካ አሳታሚ የወጣ ከሆነ የአፍሪካ አሳታሚዎችን መጻሕፍት በኦክስፎርድ በኩል የሚያከፋፍለው አፍሪካን ቡክስ ኮሌክቲቭ የወረቀት ወይም የኤሌክትሮኒክ ቅጂ እንዳለው ይዩ፤ ናይሮቢ የሚገኝ ከሆነ በሽልንግ ያለውን ዋጋ ከነመደብሩ ስም ይጻፉ። አሮጌ መጻሕፍት ከመንገድ ዳር ሻጭ የሚገኙ ሲሆኑ ደግሞ የሚያጋጥመው ችግር የታወቀ ነው፤ ተቋም ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ሊከፍል አይችልም። መጽሐፉን ያገኙበት ሻጭ ደረሰኝ ከሌለው፣ ደረሰኝ ያለው መደብር ከእሱ ገዝቶ እንዲያቀርብ መጠየቅ እንደሚቻል በጥያቄዎ ላይ ያመልክቱ፤ ባለሙያው ይህን መፍትሔ ራሱ ፍለጋ እንዳይወጣ ያድኑታል።

ጥያቄው ከገባ በኋላ ዝም አይበሉ፤ ግን ባለሙያውን አያስጨንቁ። በኮሃ ከቀረበ በመለያዎ ውስጥ ጥያቄው እየታየ ነው፣ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ታዟል፣ ውድቅ ሆኗል የሚል ምልክት ያያሉ፤ በወረቀት ከሆነ የገባበትን ቀንና የተቀበለውን ክፍል ጽፈው ይያዙ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይጠይቁ። ውድቅ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥዎት። «ዋጋው ከፍ ብሏል» ከተባለ በርካሽ የሚገኝ እትም ፈልገው እንደገና ያቅርቡ፤ «ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም» ከተባለ ከመምህሩ ጋር ይመለሱ፤ «አቅራቢ አልተገኘም» ከተባለ አቅራቢውን እርስዎ ይጠቁሙ። ተገዝቶ ሲመጣም በመጀመሪያው ሳምንት ይዋሱት፤ ለክፍል ጓደኞችዎ ይንገሩ፤ መምህሩ በትምህርቱ ላይ እንዲጠቅሰው ያሳስቡ። እያንዳንዱ ውሰት በመዝገብ ስለሚቀመጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የድንበር መጽሐፍ ሲጠይቁ «ያለፈው ዓመት የተገዛው ይህን ያህል ጊዜ ወጥቷል» የሚል አኃዝ ከባለሙያው ጠይቀው በምክንያቱ ቦታ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፉት።